ቍጥርም እንደ ምስክር ይጠየቃል

ከምእመናን ቤቶች መካከል በአሜሪካ ልጅ፥ ወንድም ወይም እኅት ያላቸው ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ ዘመዶች አንዱ በዕጣ ወይም በትምህርት፥ ፈቃዱን ይዞ በአይሮፕላን የገባ ሲኾን፥ ሌላው ከብራዚል ተነሥቶ፥ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪዬንን ዱር በእግሩ አቋርጦ፥ በሜክሲኮ በኩል ወሰን አልፎ የደረሰ ይኾናል። ኹለቱም የአንድ እናት ልጆች ሊኾኑ ይችላሉ። እንዲህ ባለው ቤት፥ «ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ለአሜሪካ ዕዳ ነውን ወይስ ጥቅም?» የሚለው ክርክር የጋዜጣ ወሬ ኾኖ ብቻ አይቀርም። በበዓል ማዕድ ላይ ይነሣል፥ በስልክ ይቀጥላል፥ አንዳንድ ጊዜም ወንድማማቾችን አኰራርፎ ይለያያል።

ተከራካሪዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚወራወሩት ኹለት ቍጥሮችን ነው። አንደኛው ወገን፥ «እነዚህ ሰዎች አገሪቱን በየዓመቱ 150.7 ቢሊዮን ዶላር ያስወጧታል» ይላል። ኹለተኛው ደግሞ፥ «ምን ማለትህ ነው! በአንድ ዓመት ብቻ 96.7 ቢሊዮን ዶላር ግብር ከፍለዋል» ብሎ ይመልሳል። ሰሚው ከኹለቱ አንዱ ውሸት መኾን አለበት ብሎ ያስብና፥ አስቀድሞ ልቡ ወዳዘነበለበት ይሄዳል። ማን ይግባ ማን ይመለስ የሚለውን መወሰን የዚያ አገር ሕግ አውጪዎች ፈንታ ስለ ኾነ፥ በዚህ ዓምድ ፍርድ አንሰጥበትም። ነገር ግን በባልንጀራ ላይ በሐሰት አትመስክር የተባልን ሰዎች፥ በእጅ ስልካችን የደረሰንን ቍጥር ለሌላ ስናስተላልፍ በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ላይ ምስክርነት እየሰጠን መኾናችንን ማወቅ ይገባናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በቀድሞው ዳኝነታችን ተሟጋች ምስክሩን ሲቈጥር፥ ባላጋራው እንዲሁ ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። «ይህ ዘመዱ ነው፤ ያኛው ጠበኛዬ ነው፤ ሦስተኛው ከነገሩ ጥቅም ያገኛል» እያለ ይነቅፋል። ተነቅፎ ያልወደቀውም ምስክር ቢኾን፥ «በዐይንህ አየህን ወይስ ከሰው ሰማህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ መልካም ሥርዐት ለቍጥርም ያገለግላል።

እንግዲህ ምስክሮቹ እነማን ናቸው? 150.7 ቢሊዮን የሚለውን በ2023 ያወጣው፥ በምሕጻር ፌር ተብሎ የሚጠራው የአሜሪካ ማኅበር ነው። በ1979 የመሠረተው ጆን ታንተን የተባለ የሚሺጋን የዐይን ሐኪም ሲኾን፥ የማኅበሩ ዐላማ ወደ አሜሪካ የሚገባው ሰው ቍጥር እንዲቀንስ ማድረግ ነው። 96.7 ቢሊዮን የሚለውን በ2024 ያወጣው ደግሞ፥ አይቴፕ በመባል የሚታወቀው፥ ግብርን የሚያጠና ተቋም ነው፤ እርሱም ባለ ጸጎች ይበልጥ ይክፈሉ ከሚሉት ወገን ይቈጠራል። ስለዚህ ኹለቱም ከነገሩ ውጭ የቆሙ አይደሉም። ይኹን እንጂ ወገን ያለው ምስክር ኹሉ ሐሰተኛ አይደለም። «የእገሌ ማኅበር ነው፤ ተወው!» ብሎ አንዲት ገጽ ሳያነቡ መጣል፥ ለእኔ ከመመርመር ይልቅ ስንፍና መስሎ ይታየኛል። ምስክሩ ወገን ካለው ቃሉን አጥብቆ መጠየቅ ነው የሚገባው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፥ «ስንት ሰው ቈጠርህ?» የሚል ይኹን። ፌር 15.5 ሚሊዮን ስደተኞችን ከቈጠረ በኋላ፥ እዚያው አሜሪካ የተወለዱላቸውን 5.4 ሚሊዮን ልጆች ጨምሯል። አይቴፕ ስሌቱን የሠራው በ10.9 ሚሊዮን ሰዎች ነው። በኹለቱም ጠበኞች ዘንድ የሚጠቀሰው ፒው የተባለው የምርምር ማእከል፥ በ2023 የነበሩትን 14 ሚሊዮን ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ ግን ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡት፥ ሙሉ የመኖሪያ ፈቃድ ባይኖራቸውም፥ በጊዜው ከመባረር የሚጠብቅ አንድ ዐይነት ከለላ ነበራቸው። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠባበቁ፥ ጊዜያዊ ጥበቃ የተሰጣቸውም ይገኙባቸዋል። በ2022 መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ጊዜያዊ ጥበቃ ከዚሁ ዐይነት ነው። የሥራ ፈቃድ ይዞ፥ በራሱ ስም ግብር እየከፈለ፥ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ዘመዳችን በዚያ ቈጠራ ውስጥ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። በማዕድ ላይ «እነዚያ ሕገ ወጦች» እያለ የሚናገረው ወንድም፥ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠውን እኅቱን ጭምር መቍጠሩን ያውቃልን?

ኹለተኛው ጥያቄ፥ «በሚዛኑ ላይ ምን አኖርህ?» የሚለው ነው። ፌር 182 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ወጪ ይቈጥርና፥ ከዚያ ላይ ስደተኞቹ የከፈሉትን ግብር 32 ቢሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው ብሎ ይቀንሳል፤ የቀረው 150.7 ይኾናል። አይቴፕ በበኩሉ የቈጠረው ግብሩን ብቻ ነው፤ 59.4 ቢሊዮን ለማእከላዊው መንግሥት፥ 37.3 ቢሊዮን ደግሞ ለክፍለ ግዛቶችና ለከተሞች። ስለ ወጪው አልተናገረም። እንግዲህ ኹለቱ ዝነኛ ቍጥሮች በቀጥታ የሚቃረኑ አይደሉም። አንዱ ከተቀናነሰ በኋላ የቀረ ነው፤ ሌላው ገና ምንም ያልተቀነሰለት ገቢ ነው። የነጋዴን ትርፍ ከሌላ ነጋዴ ጠቅላላ ሽያጭ ጋር አስተያይቶ ማን ከበረ ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገኝ እንሥቅበት ነበር። እውነተኛው ቅራኔ ያለው በግብሩ ላይ ነው፤ አንዱ 32፥ ሌላው 96.7 ይላል፤ ሦስት እጥፍ! ተደብቆ የሚኖር ሕዝብ ሙሉ መዝገብ ስለሌለው፥ ስንቱ ደመወዙን በመዝገብ ይቀበላል፥ ስንትስ ያገኛል የሚለው ኹሉ ግምት ነው። በግምቱ ውስጥ የገባችው ትንሽ ልዩነት ስትባዛ ቢሊዮን ትኾናለች።

«ፈቃድ የሌለው ሰው እንዴት ግብር ይከፍላል?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ይህ ግን የተሰወረ ነገር አይደለም። ብዙው ሠራተኛ በተዋሰው ወይም የእርሱ ባልኾነ የማኅበራዊ ዋስትና ቍጥር ይቀጠራል፤ አሠሪውም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ከደመወዙ ቈርጦ ለመንግሥት ያስገባል። የማኅበራዊ ዋስትናው መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሊቃውንት በ2013 ባወጡት ጽሑፍ፥ በ2010 ብቻ ከእነዚህ ሠራተኞችና ከአሠሪዎቻቸው የተገኘው ገንዘብ፥ ለእነርሱ ከተከፈለው ጡረታ ጋር ተቀናንሶ፥ 12 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተርፎ ለመሥሪያ ቤቱ ገቢ እንደ ኾነ ገምተዋል። ከዚህም ሌላ ዕቃ የገዛ ኹሉ የሽያጭ ቀረጥ ይከፍላል፤ ቤት የተከራየም የቤቱን ግብር በኪራዩ ውስጥ ይከፍላል።

ወጪውም ቢኾን ፈጠራ አይደለም። የቴክሳስ ክፍለ ግዛት በ1975 ፈቃድ ለሌላቸው ልጆች የትምህርት ገንዘብ እንዳይከፈል ሕግ አውጥቶ ነበር። በ1982 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ድምፅ በአራት ላይ፥ ልጅ በወላጁ ሥራ ከትምህርት ቤት ሊከለከል አይገባም ሲል ሕጉን ሻረው። በ1986 የወጣው ሕግ ደግሞ የድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች፥ በጽኑ የታመመ ሰው ሲመጣ ስለ ገንዘቡም ስለ ወረቀቱም ሳይሉ መርምረው እንዲያረጋጉት ያስገድዳል። በአንጻሩ በ1996 በወጣው ሕግ ፈቃድ የሌለው ሰው ከማእከላዊው መንግሥት የሚሰጠውን አብዛኛውን ርዳታ እንዳያገኝ ተከልክሏል። ስለዚህ «በነጻ ገንዘብ ይታደላቸዋል» የሚለው ወሬ እንደሚነገረው አይደለም፤ ትልቁ ወጪ የልጆች ትምህርት ቤት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ምስክር ልጨምር። ፌር በ2017 አስቀድሞ ባወጣው ሒሳብ ወጪውን 116 ቢሊዮን አድርጎት ነበር። የስደት በር ሰፋ ይበል የሚለው የኬቶ ተቋም አንድ ተመራማሪ ሒሳቡን ገጽ በገጽ ነቅፎ፥ ስሕተት ያለውን ሲያርም ከ3.3 እስከ 15.6 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ አገኘ። ከ116 ወደዚህ መውረዱ ብዙ ነው። ነገር ግን ባላጋራው ራሱ ሒሳቡን ወደ ዜሮ አላወረደውም። በባላጋራ የታመነ ነገር ሌላ ምስክር አያሻውም፤ ወጪ የለም የሚሉ ሰዎች ይህን ሊያስቡት ይገባል።

ይልቁንም ኹለቱን ወንድማማቾች ሊያስታርቅ የሚችለው ጥያቄ ሦስተኛው ነው፤ «ከማን ከረጢት ወጣ? በማን ከረጢትስ ገባ?»። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1974 ያቋቋመው፥ ለኹለቱም ፓርቲዎች የሚሠራ የበጀት ጽሕፈት ቤት አለው። ይህ ጽሕፈት ቤት በ2024 ባወጣው ግምት፥ ከ2021 ወዲህ ከወትሮው በላይ የገባው ሕዝብ እስከ 2034 ባለው ጊዜ የማእከላዊውን መንግሥት ገቢ በ1.2 ትሪሊዮን ዶላር፥ ወጪውን በ0.3 ትሪሊዮን እንደሚጨምር፥ የበጀቱም ጉድለት በ0.9 ትሪሊዮን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ያው ጽሕፈት ቤት በ2025 ስለ ክፍለ ግዛቶችና ስለ ከተሞች ለብቻ ሲያሰላ ደግሞ፥ በ2023 ብቻ 10.1 ቢሊዮን አስገብተው 19.3 ቢሊዮን እንዳስወጡ፥ 9.2 ቢሊዮን ጉድለት እንደ ተገኘ ጻፈ። ምስክሩ አንድ ነው፤ ቃሉ ግን ኹለት ክፍል አለው። ገቢው ይበልጡን ወደ ዋሽንግተን ግምጃ ቤት ይሄዳል፤ ትምህርት ቤቱን፥ መጠለያውንና ሆስፒታሉን የሚሸከመው ግን ከተማውና ክፍለ ግዛቱ ነው። በመጨረሻው ረድፍ ወንበር ያጣላቸው ተማሪዎች የበዙበት የከተማ ሹም ቢያማርር ሐሰተኛ አይባልም፤ የግምጃ ቤቱን መዝገብ አይቶ አተረፍን የሚለውም እንዲሁ። የ2024ቱን ብቻ ወይም የ2025ቱን ብቻ እየጠቀሰ የሚከራከር ግን የምስክሩን ግማሽ ቃል አስቀርቷል።

ይህ ነገር እኛ ዘንድ፥ በአገር ቤትም ይደርሳል። ልጁን በዚያ መንገድ ለመስደድ የሚያስብ አባት፥ «አሜሪካ በእነርሱ ግብር ነው የምትኖረው፤ አታባርራቸውም» የሚል ደላላ ቢመጣበት ሊያምነው ይችላል። ነገር ግን ከዚያ ከ96.7 ቢሊዮን ውስጥ 25.7 ቢሊዮኑ ለማኅበራዊ ዋስትና የተከፈለ ነው፤ ከፋዮቹም ፈቃድ ካላገኙ ጡረታውን አይቀበሉም። ለተከራካሪው መመኪያ የኾነው ቍጥር ለሠራተኛው የማይመለስ ገንዘብ ነው። መሬቱን ሸጦ ለደላላ የሚከፍል አባት ይህን የቍጥሩን ሌላ ወገን ደላላው አይነግረውም።

የቀረው ስለ ልጆቹ ነው። ይህም ለእኔ ከኹሉ የከበደው ነው። ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ባወጡት ትልቅ ጥናት፥ ከ2011 እስከ 2013 በነበረው ጊዜ፥ ከውጭ የመጣ አንድ ጐልማሳ ከነልጆቹ ለክፍለ ግዛትና ለከተማ በአማካይ 1,600 ዶላር ያህል ጉድለት በዓመት እንደሚያመጣ አሳይተዋል። የስደተኞች ልጆች አድገው ሲቈጠሩ ግን እያንዳንዳቸው 1,700 ዶላር ያህል ትርፍ ይሰጣሉ፤ ይህም ከእነርሱ በኋላ ካለው ትውልድ፥ ከ1,300ው፥ ይበልጣል። ይህ ጥናት ፈቃድ ያላቸውንም የሌላቸውንም በአንድነት የያዘ ስለ ኾነ፥ 1,600ውን አንሥቶ ስለ ሕገ ወጦች ብቻ እንደ ተነገረ አድርጎ መጥቀስ ስሕተት ነው።

ልጁን በወላጁ ዕዳ ላይ እንጻፈው ወይስ በራሱ ስም? ፌር በዚያ የተወለዱትን ዜጎች ልጆች የትምህርት ወጪ በወላጆቻቸው ላይ ጽፎታል፤ ሌሎች አይጽፉም። ይህን የሒሳብ ሊቅ ሊቈርጠው አይችልም፤ ኹለት ሊቃውንት በአንዱም ዶላር ሳይለያዩ እዚህ ላይ ሲደርሱ መንገዳቸው ይለያያል። በ2012 በስድስት ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ በዚያ መዝገብ ወጪ ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ኾኖታል፤ ሥራ ይዞም ከኾነ ከደመወዙ ግብር ይቈረጥበታል።