የበቆሎው ጠርሙስ የት ይበሰብሳል?

የውኃ ፋብሪካዎች ከበቆሎ በሚሠራ ጠርሙስ ቢያሽጉ የሃይላንድ ጣጣ ያበቃል የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ጠርሙሱ ይበሰብሳል ይላሉ። የት? ፒኤልኤ የሚባለው ይህ ፕላስቲክ በወጉ የሚፈርሰው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ የኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ ነው። ቦይ ውስጥ ከተጣለ ዓመታት ይቀመጣል። ይባስ ብሎ መልኩ ፔት ከሚባለው ከተለመደው የጠርሙስ ፕላስቲክ ጋር ስለሚመሳሰል ለቃሚው በዓይኑ አይለየውም፤ ጥቂቱ ቢቀላቀል እንኳ ቀልጦ ዳግም ሊሠራ የነበረውን ያበላሻል። ባዶ ሃይላንድ በኪሎ ሸጦ የሚያድረው ሰው ገቢ ምን ሊሆን ነው? ጽሑፉ አላነሳውም።

ጽሑፉ በአማራጭነት ያነሳው የውኃ ካርቶንም ቢሆን ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ፕላስቲክ፣ ብዙ ጊዜም አልሙኒየም ተለጥፎበታል።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አምቦ ውኃና ለስላሳ በመስታወት ጠርሙስ፣ በሳጥን፣ በመያዣ ገንዘብ ስንት ዘመን ተመላልሰዋል! ጀርመኖች አንዱን የመስታወት ጠርሙስ እስከ 50 ጊዜ ድረስ እያጠቡ ይሞሉታል። መስታወት ከባድ ነው፤ ሩቅ አገር ማጓጓዙ ነዳጅ ይበላል፣ ይህን አልክድም። እንግዲያው ለምግብ ቤቱ መስታወት፣ ለቢሮው ባለ 20 ሊትር ተመላሽ ጋሎን ይሁን። ጸሐፊው አዲስ ፋብሪካ ከመመኘታቸው በፊት የሰፈራቸውን ባለ ግሮሰሪ ባዶ ጠርሙስ እንዴት እንደሚረከብ ቢጠይቁት ይሻል ነበር።