መስቀል የተቀረጸበት ሳንቲም እና ፍቅረ ንዋይ

የአሶሳና የአካባቢዋ ምድር ከጥንት ጀምሮ በወርቁ የታወቀ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነጋዴው ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ መልእክተኞች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው በወርቅ ሊለውጡ ወደ ሳሱ እንደሚወርዱ ጽፏል፤ ስፍራዋን ወደ ቤኒሻንጉል አቅጣጫ የሚያደርጉ ሊቃውንት አሉ። አክሱም በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ትቀርጽ ነበር። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በክርስቶስ ባመነ ጊዜ በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃ ምልክት በመስቀል ተካ። በአንዳንድ የነሐስ ሳንቲሞች ላይም አገሩን ደስ እንዲያሰኝ የሚመኝ ቃል በግሪክ ተጽፎ ይገኛል።

ለሕዝብ ደስታ የተቀረጸው ገንዘብ ዛሬ በባሕር ማዶ ጨረታ ለአንድ ሰው ሣጥን ይሸጣል። ሳንቲም መሰብሰብ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ታሪክን ያስተምራልና። ነገር ግን ከየት እንደ ወጣ ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ከሰራቂው ጋር ይተባበራል፤ ገዢ ባይኖር ቅርስን በሌሊት የሚቆፍር ባልኖረ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በማዕድን ወይም በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ይህ ወርቅ በሚቆፈርበት በአሶሳ ምድር ላለ ምእመን ቅርብ ጉዳይ ነው። አካን ወርቁን በድንኳኑ ውስጥ ቢሸሽግ ጥፋቱ ለእስራኤል ሁሉ ተርፏል (ኢያ. 7)። እኛም ያገኘነውን ለባለቤቱ፣ ይኸውም ለትውልድ፣ እንመልስ። በመስቀሉ የተቤዠ ክርስቲያን መስቀሉን ለስስት አይሸጥምና።