ስደተኛውና የቤተ ክርስቲያኑ በር

በውጭ አገር የምንማር ወገኖች ተሰብስበን የአፍሪቃ ስደተኛ ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ ዓይነት ምስጋና እንሰማለን። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሾርባ ያድላል፤ ብርድ ልብስ ይሰጣል፤ ማታ ማታ ቋንቋ ያስተምራል፤ እሑድ አዳራሹን ለመዝሙር ይፈቅዳል። ይህን አንክድም፤ የራበው ሰው ሾርባውን ይጠጣ። ምስጋናው በዚያ እንዲያበቃ የሚሹትን ግን እንቃወማለን። ያ ሾርባ የሚቀዳለት ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ተከልክሎ፣ ደመወዙን አሠሪው በልቶበት፣ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ እየለወጠ የሚኖር ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ስለዚህ ምን ተናገረ? ዝም ካለ፣ አባቶቻችን በመኳንንት በር ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ደጅ ጥናት ኤውሮጳ ላይ ተከለው እንጂ ሌላ ምን ሠራ?

ማስረጃ ለሚጠይቀን የፓሪስን ነገር እናንሣለት። በ1993 (በኤውሮጳ አቆጣጠር) የወጣውና በአገር ግዛት ሚኒስትሩ በፓስኳ ስም የሚጠራው ሕግ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ለዓመታት ሲሠሩ የኖሩትን ሳይቀር ያለ ወረቀት አስቀራቸው። ማርች 18 ቀን 1996 ሦስት መቶ ያህል አፍሪቃውያን፣ አብዛኞቹ የማሊና የሴኔጋል ሰዎች፣ ልጆቻቸውን ይዘው ቅዱስ አምብሮስ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። በአራተኛው ቀን ፖሊስ አስወጣቸው፤ ፖሊስ እንዲመጣ የጠየቁትም ካህናቱ ነበሩ! ስደተኞቹ ከስፖርት አዳራሽ ወደ ቲያትር ቤት፣ ከዚያም ወደ ባቡር መጋዘን ሲንከራተቱ ከርመው፣ ጁን 28 ቀን አፍሪቃውያን በብዛት በሚኖሩበት በጉት ዶር ሰፈር ቅዱስ በርናርድ ገቡ። የዚያ ደብር አለቃ አባ አንሪ ኩዋንዴ አላባረሯቸውም። ከገቡት የሚበዙት እስላሞች መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ተጠመቁ አላሏቸውም። አሥር ሰዎች የረኀብ አድማ መቱ። አውጉስት 23 ቀን ከ1,000 የሚበልጥ ፖሊስ መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑን በር በመጥረቢያ ሰበረ።

ሁለቱም የአንድ ሃይማኖት፣ የአንድ ሀገረ ስብከት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። አንደኛው ለስደተኛው በር ከፈተ፤ ሁለተኛው ለፖሊስ።

በቅዱስ በርናርድ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ለጋዜጠኛውም ለመንግሥቱም መልስ ይሰጡ የነበሩት ስደተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ የሴኔጋል ተወላጆቹ ማጂጌን ሲሴና አባባካር ዲዮፕ የጓደኞቻቸው አፈ ጉባኤ ሆኑ። በጎ አድራጊ ነኝ ባዩ ብዙውን ጊዜ የማይታገሠው ይህንን ነው፤ ስደተኛው ሲዘምር ደስ ይለዋል፣ ሲናገር ይከፋዋል። በማግሥቱ ዓመት ፈረንሳዮች መንግሥታቸውን በምርጫ ለወጡ፤ በ1997 በወጣው መመሪያ 80,000 ያህል ሰዎች ወረቀት አገኙ። ብዙ ሺህ ደግሞ ጠይቀው ተከለከሉ።

ከእኛው መካከል «ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው» ብለው ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚዘጉ አሉ። ጥቅሱን አጥንተዋል፤ የቅዱስ በርናርድን ወለል ግን አልተኙበትም።

የራሳችን ቤትስ? በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የተማጸነን ሰው አሳዳጁ አይነካውም የሚባል ልማድ ነበረ። ዛሬ በየከተማው ደብር ተክለናል፤ በዓመት በዓል ነጠላችንን አጣፍተን እንሰበሰባለን፤ ከዚያው ጉባኤ ውስጥ ወረቀት የሌላት እኅታችን ጠበላ ጠዲቁን ቀምሳ ወደ ሥጋቷ ትመለሳለች። ስሟን የሚጠይቃት የለም። ለሕንፃ ማሠሪያ መዋጮ ስንጠየቅ ግን እርሷም አትቀርም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አዳራሹ በሳምንት አንድ ማታ ለጠበቃና ለአስተርጓሚ ይከፈት። የፈረንጁን ቋንቋ የምናውቅ ተማሪዎች በየተራ ተቀምጠን ማመልከቻ እንጻፍ። በሰበካው ጉባኤ ውስጥ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ከነድምፃቸው ይግቡ። ይህን ሐሳብ ለማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ እናቀርባለን፤ የሚቃወም ካለ ምክንያቱን በዚሁ መጽሔት ላይ ይጻፍ።