ግልጽ ደብዳቤ ከሲያትል ለአገር ቤት ወገኖች፦ ልጅም ወላጅም አብረው የሚማሩት ሕክምና

ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ የተባለው የሥነ ልቦና ሕክምና የተጀመረው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ማርሻ ሊንሃን ሲሆኑ፣ ዋናው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ። መጀመሪያ የታሰበው ሞትን ደጋግመው ለሚመኙና ራሳቸውን ለሚጎዱ አዋቂዎች ነበር። ሊንሃን በወጣትነታቸው እሳቸውም የአእምሮ ሕክምና ተቋም ገብተው እንደታከሙ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ተናግረዋል፤ እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ መናገር አሜሪካም ውስጥ ቀላል አይደለም።

ሕክምናውን ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ያስማሙት አሌክ ሚለርና ጂል ራተስ ትልቅ ለውጥ አደረጉ፤ ወላጅንም ተማሪ አደረጉት። ልጁ በየሳምንቱ ቴራፒስቱን ለብቻው ያገኛል። ከዚያ ውጭ ከወላጁ ጋር፣ ሌሎች ቤተሰቦችም ባሉበት ክፍል ይማራል፣ የቤት ሥራም ይሰጠዋል። ትምህርቱ ሐሳብን በያዙት ነገር ላይ መሰብሰብን፣ የጭንቅ ሰዓትን ሳያባብሱ ማሳለፍን፣ ስሜትን መግራትን፣ ከሰው ጋር መግባባትንና በወላጅና በልጅ መካከል መሐል መንገድ መፈለግን ይዟል።

አንዳንዱ ክህሎት የሰውነት ነው። ትንፋሽን ይዞ ፊትን ለጥቂት ሰከንዶች ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር የልብ ምትን ያዘገየዋል፣ የስሜቱ ግለትም ይበርዳል (የልብ ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረውም)። ለወላጅ የሚከብደው ሌላው ነው። ልጅ «ጨነቀኝ» ሲል «ምን ጎደለብህ? እኛ በዕድሜህ ስንቱን ቻልን» የሚለው መልስ ከፍቅር ቢመነጭም ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያረጋጋውም። ወላጅ የሚማረው መጀመሪያ ስሜቱን መቀበል ነው፦ «ፈተናው እንደዚያ ሆኖብህ መጨነቅህ አይገርምም።» ስሜቱን መቀበል በጥፋቱ መስማማት አይደለም፤ ተግሣጹ ቢያስፈልግ በኋላ ይደርሳል።

ሕክምናው ተአምር አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 173 ወጣቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ከስድስት ወር ሕክምና በኋላ ራስን መጉዳት ለንጽጽር ከተሰጠው ሌላ ሕክምና ይልቅ በዚህኛው እንደቀነሰ አሳይቷል፤ በዓመቱ ግን ልዩነቱ ጠብቧል።

ሙሉው ሕክምና የሠለጠነ ቡድንና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ለአገር ቤት አቅም ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት የታዳጊዎች የስሜት ክህሎት መርሐ ግብር ነው፦ ሰባት የቡድን ክፍለ ጊዜ ለልጆች፣ ሦስት ለአሳዳጊዎች። የሚያስተምሩት ሐኪሞች መሆን የለባቸውም፤ ሥልጠናና የባለሙያ ክትትል ያላቸው ሰዎች ይበቃሉ። ስለዚህ በትምህርት ቤትም ሆነ በቀበሌ አዳራሽ ሊካሄድ ይችላል። ጸበል ወይም ዱዓ የሚያዘወትር ቤተሰብም ይህን ለመማር ያንን መተው አይጠበቅበትም።

መሞት እንደሚፈልግ የተናገረ ወጣት ግን የትምህርት ተራ አይጠብቅም። ብቻውን አይተውም፤ በቤት ያለ የፀረ ተባይ ኬሚካልና መድኃኒት ይቆለፍበታል፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።