ከወርቁ ጀርባ

የሚያሸንፍ ልጅ ሁሉ ደህና ነው ያለን ማን ነው?

ፖላንዳዊቷ የረጅም ርቀት የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ዩስቲና ኮቫልቺክ እ.ኤ.አ. በ2014 በሶቺ ኦሊምፒክ፣ የእግሯ አጥንት ተሰንጥቆ ሳለ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ወርቅ ወሰደች። ሰው ሁሉ ያወራው ስለ እግሯ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከአንድ ዓመት በላይ በድባቴ ስትሰቃይ መቆየቷን ራሷ ለጋዜጣ ተናገረች። እግር በራጅ ይታያል፤ ይሄኛው በምን ይታይ?

በ2018 ከአሰልጣኟ ጎን ረዳት ሆና የፖላንድን የሴቶች ቡድን ማሰልጠን ጀመረች። እኔን ደስ ያለኝ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱንም ሕመም የምታውቅ ሴት ልጆቹ አጠገብ ቆመች።

የልጅ ልጄ ከሩጫ ልምምድ ሲመለስ ከሰዓቱ በፊት እንቅልፉን እጠይቀዋለሁ። አንዳንዴ ያወራኛል። አንዳንዴ ደግሞ «እማማ፣ ደግሞ ጀመረሽ!» ብሎ ይስቃል።