የድጋፍ ገንዘብ ኮሚቴን ስለ ማስተካከል የቀረበ አቤቱታ

ለተከበረው የወረዳችን ምክር ቤት

ጉዳዩ፦ ኮሚቴው በሕዝብ እንዲመረጥና ሒሳቡ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ስለ መጠየቅ

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ጋር የተያያዘው የመንዝ ደጋ አርሶ አደሮች በደላችንን በትሕትና እናመለክታለን።

በቀበሌያችን ከረጂዎች፣ ከተማ ካሉ ተወላጆቻችንና ከራሳችን መዋጮ የሚሰበሰብ የድጋፍ ገንዘብ አለ። ለችግረኛ አውራ በግ መግዣ፣ ሱፍ ፈትለው ለሚያድሩ ሴቶች ሥራ ማስጀመሪያ፣ ገብሱን ውርጭ ለመታበት ዘር መግዣ እንዲሆን የታሰበ ነው። የሚያከፋፍሉትን ሰዎች ግን እኛ አልመረጥናቸውም። ተሰይመው መጡ፤ ዛሬም እነሱው ናቸው። ከመካከላቸው ራሱ አመልክቶ ራሱ የፈቀደ አለ። ማመልከቻዋ የወደቀባት መበለት ምክንያቱን ብትጠይቅ «ኮሚቴው ወስኗል» ከመባል በቀር መልስ አላገኘችም።

ከሁሉ የከፋብን የበልጉ ነገር ነው። የዘር መግዣው ገንዘብ የተለቀቀው ሰው ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር። ዘር ያልነበረው በጉን በርካሽ ሸጦ ዘራ፤ የሚሸጠው ያጣ ሰው ማሳ ግን ጦሙን አደረ። ኮሚቴው የረጂ ገንዘብ ዘገየብኝ ይላል፤ እውነት ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ከየዓመቱ መዋጮ ለዘር የሚሆን መጠባበቂያ ለምን አልተቀመጠም?

ገንዘቡ ተሰርቋል አላልንም። ይህን ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው ያለው ደግሞ አንድም ቀን ባልተነበበልን መዝገብ ውስጥ ነው። የት እንደዋለ ሳይነገረን እንደገና አዋጡ መባላችን ግን በደል ነው።

የጠየቅነው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቁ፣ ባለርስቶቹ አስቦም ጌራም የጥበቃውን አለቃ፣ አባ ቄራውን፣ ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ሣሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ የሚከፈትበት ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት ይነገር፣ ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሲደርስ ሰውም ከብትም ከጓሳ ይወጣ፣ ጥሶ የገባም ይቀጣ ነበር። ቄሮ ከባለርስቱ ዘር ውጭ ያለውን ያገለለ እንደነበር አንክድም፤ ያ እንዲመለስ አንሻም። ነገር ግን ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጓሳ እንዴት እንደተጋጠ ሽማግሌዎቻችን አይተዋል። ኋላም ጥበቃው ያንሰራራው ማኅበረሰቡ ራሱ ተደራጅቶ ሲይዘው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ልማት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ ይደነግጋል።

ስለዚህ የተከበረው ምክር ቤት ኮሚቴው ከየጎጡ በይፋ እንዲመረጥ፣ ሴቶችም በእኩል ቁጥር እንዲገቡበት እንዲያዝልን እንለምናለን። ተመራጩ ከ2 ዓመት በላይ አይቆይ፤ የራሱ ወይም የዘመዱ ማመልከቻ ሲታይ ከስብሰባው ይውጣ። ገንዘቡ በባንክ ተቀምጦ በ3 ሰዎች ፊርማ ይንቀሳቀስ። ሒሳቡ በየ3 ወሩ በሕዝብ ስብሰባ ይነበብ፤ ለተከለከለውም ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው። ያለፉትም ዓመታት መዝገብ ከኮሚቴው ውጭ በሆነ ሰው ይመርመርልን።

ምርጫው ከጥር በፊት እንዲሆን አጥብቀን እንጠይቃለን፤ የበልግ ዘር ሰው አይጠብቅምና። መዝገቡ እስኪነበብልን ድረስም አዲስ መዋጮ ላለመክፈል መስማማታችንን በአክብሮት እናሳውቃለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አመልካቾች

ግልባጭ፦
ለቀበሌያችን አስተዳደር
ለኮሚቴው