ቡና ሲረክስ ሰው ለምን ይረክሳል?

በአገርም ሆነ በጎረቤት እልቂት በተሰማ ቁጥር ሁለት ማብራሪያዎች ይሽቀዳደማሉ። አንደኛው «የጥንት ጥላቻ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ሉላዊነት ያመጣብን ጣጣ ነው» ይላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለቱም ገዳዩን ከተጠያቂነት ያድናሉ። እስቲ የሩዋንዳን ታሪክ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈረሰ፤ የቡና ዋጋም በወራት ውስጥ በግማሽ ያህል አሽቆለቆለ። ከኪጋሊ ርቆ የተወሰነ ነገር የሩዋንዳን ገበሬ ጓዳ አራቆተ። በ1990 የእርስ በርስ ጦርነት ተጫረ፤ በዚያው ዓመት በዓለም የገንዘብ ድርጅት በተደገፈ መርሐ ግብር የአገሪቱ ፍራንክ የምንዛሪ ዋጋ በ40 በመቶ ዝቅ ተደረገ። መሬትም ሥራም የሌለው ወጣት በየኮረብታው በዛ። እንግዲህ ሉላዊነት ንጹሕ ነው የሚል ካለ ይህን ያስተባብል።

ነገር ግን ያው የዋጋ ውድቀት ኢትዮጵያንም ኮሎምቢያንም መትቷል፤ እንደ ሩዋንዳ ያለ የዘር እልቂት ግን አልወለደባቸውም። በሩዋንዳ ልዩ የነበረው ድህነቱ ሳይሆን ለድህነቱ የተሰጠው ትርጉም ነው። ሥልጣኑ የተነቃነቀበት ቡድን የተቸገረውን ወጣት «ጠላትህ ጎረቤትህ ነው» አለው። መሣሪያዎቹም ጥንታዊ አልነበሩም፤ ቅኝ ገዢዋ ቤልጂየም በ1930ዎቹ ያስጀመረችው ብሔር የተጻፈበት መታወቂያ፣ በ1993 ሥርጭት የጀመረው የሚል ኮሊን ሬዲዮ፣ በዚያው ሰሞን ከባሕር ማዶ በገፍ የተገዛ ገጀራ። በ1994 በመቶ ቀናት ውስጥ፣ በተባበሩት መንግሥታት ግምት፣ 800,000 ያህል ሰዎች ተጨፈጨፉ። እልቂቱ በተፋፋመበት በሚያዝያ ወር የጸጥታው ምክር ቤት የሰላም አስከባሪውን ጦር ወደ 270 ሰው እንዲቀነስ ወሰነ። ለቡና ወለል ብሎ የተከፈተው ዓለም ለሰው ሲሆን ድንበር አበጀ።

እኔን ዘወትር የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ከሬዲዮው መሥራቾች አንዱ ፈርዲናንድ ናሂማና በፓሪስ ዶክትሬቱን የሠራ፣ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚያስተምር ምሁር ነበር። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የፈረደበትም ገጀራ በማንሣቱ ሳይሆን ጣቢያው በረጨው የጥላቻ ቃል ነበር።

ዛሬ በእኛ አገር ሬዲዮውን የእጅ ስልክ ተክቶታል፤ የኑሮ ውድነትና ሥራ አጥነትም ለወጣቱ ፋታ አልሰጡትም። የቡናን ዋጋ አዲስ አበባ ተቀምጠን ልንወስን አንችልም። ለችግራችን የምንሰጠውን ስም ግን የምንመርጠው እኛው ነን፤ በተለይም እንደ እኔ ሰሌዳ ፊት የሚቆም፣ ተማሪዎቹ የሚያምኑት ሰው። «እነሱ» የምትለዋን ቃል ሳንመዝን የምንናገርና የምንጽፍ ሁሉ፣ የናሂማና ባልደረቦች ላለመሆናችን ምን ዋስትና አለን?